የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳትንና የጥገና ወጪን በሶፍትዌር ማስላት፦ ለብሎኬት ግድግዳ ሕንፃ የሚሆን አሠራር

የመሬት መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚመጣ የሚናገር ሶፍትዌር የለም። ያለው ሌላ ነው፤ መሬቱ ይህን ያህል ቢናወጥ የሕንፃው የትኛው አካል እንደሚጎዳ፣ ጥገናው ስንት ብር እንደሚፈጅና ስንት ቀን እንደሚወስድ የሚያሰላ። እዚህ የምንከተለው ፌማ ፒ-58 የሚባለውን ዘዴ ነው። ለአሜሪካ የፌደራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ፣ ማለትም ለፌማ፣ ያዘጋጀው አፕላይድ ቴክኖሎጂ ካውንስል ሲሆን መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛው እትም ደግሞ በ2018 ነው።

ለምሳሌ የያዝነው አንድ ጂ+4 የአርማታ ሕንፃ ነው፦ ምድሩ ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ፣ ግድግዳው ብሎኬት። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የሚታይ ዓይነት። ዘዴው ያደገው በካሊፎርኒያ ሕንፃና በካሊፎርኒያ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ እኛን የሚያስቸግረን ስሌቱ ሳይሆን ወደ ስሌቱ የምናስገባው ነው። ሶፍትዌሩን ማስኬድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግድግዳውን በትክክል መግለጽና ዋጋውን መተመን ግን ሳምንት ይፈጃል፤ እኛም እዚያ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

መሣሪያው

ሁለት ነጻ መሣሪያዎች አሉ። ፓክት ከፌማ ፒ-58 ጋር አብሮ የሚታደል የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ኮድ መጻፍ አይጠይቅም፣ ሁሉም ነገር በመስኮትና በሠንጠረዥ ይሞላል። ፔሊከን ደግሞ በአሜሪካ ሲምሴንተር የተባለው የምርምር ማዕከል ያወጣው ክፍት የፓይተን ፕሮግራም ነው፤ በተለመደው የፒፕ ትእዛዝ ይጫናል። የመጀመሪያ ሕንፃችሁ ከሆነ ፓክት ዘዴውን ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። የራሳችሁን የግድግዳ መረጃ ደጋግማችሁ የምትቀያይሩ ከሆነ ግን ፔሊከን ይሻላል፤ ግብዓቱ ተራ የሲኤስቪ ፋይል ስለሆነ በኤክሴል ተስተካክሎ በደቂቃ ውስጥ እንደገና ይሮጣል። ሃዙስና ኦፕንኩዌክ የሚባሉትን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ፤ እነሱ ለከተማና ለአገር የተሠሩ ናቸው፣ የአንድን ሕንፃ ግድግዳ አይቆጥሩም።

1. ጥያቄውን ወስኑ

ዘዴው ሦስት ዓይነት ጥያቄ ይመልሳል። በአንድ የተወሰነ የንውጥውጥታ መጠን ምን ይሆናል? ይህ መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ከዚህ ርቀት ላይ ቢነሳስ? በሕንፃው ዕድሜ በዓመት በአማካይ ስንት ይከስራል? የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መጠኑ 6.0 የሆነው መንቀጥቀጥ ከተነሳ ወዲህ ባለንብረቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ሁለተኛውን ነው፦ «ያ እዚህ አጠገብ ቢሆንስ?» ለጀማሪ የምንመክረው ግን የመጀመሪያውን ነው። ግብዓቱ ጥቂት፣ ስህተቱም ቶሎ የሚታይ ነው። አንድ መጠን ብቻ ግን አይበቃም፤ የሕንፃ ኮዱ የሚያዘውን መጠን፣ ግማሹንና አንድ ተኩል እጥፉን አስኪዱ።

2. የመሬቱን ንውጥውጥታ አዘጋጁ

የቦታውን የአለት አክስለሬሽን፣ ማለትም አለቱ ሲናወጥ የሚኖረውን የፍጥነት ለውጥ፣ ከኢትዮጵያው የመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ኮድ፣ ከኢኤስ ኢኤን 1998፣ የዞን ሠንጠረዥ አውጡ። መሠረታዊው መጠን የ475 ዓመት የድግግሞሽ ዘመን ያለው ነው፤ በ50 ዓመት ውስጥ የመታለፍ ዕድሉ 10 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ የአፈሩን ዓይነት ጨምሩ። ስፔክትረም የሚባለው ንውጥውጥታው በተለያየ ፍጥነት የሚወዛወዙ ሕንፃዎችን ምን ያህል እንደሚያናውጥ የሚያሳይ ኩርባ ነው። ኮዱ በተመሠረተበት በአውሮፓው ዩሮኮድ የመጀመሪያ ዓይነት ስፔክትረም አፈሩ ለ 'ቢ' 1.2፣ ለ 'ሲ' 1.15፣ ለ 'ዲ' 1.35፣ ለ 'ኢ' 1.4 ያባዛል። የአፈር ምርመራ ሳይኖር «ሲ ይሁን» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ቢያንስ በዲም አስኪዳችሁ ልዩነቱን ተመልከቱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ለዲዛይን የምንጠቀምበት ስፔክትረም፣ ሕንፃው ሳይወድቅ ተጎድቶ መቆም ስለሚችል ኃይሉን በሚቀንሰው ቁጥር፣ በቢሄቪየር ፋክተር፣ ተካፍሎ ያነሰ ነው። ያንን ወደ ጉዳት ስሌት ካስገባችሁት ሕንፃው ምንም የማይነካው ይመስላል። መግባት ያለበት ያልተካፈለው፣ ኢላስቲክ የሚባለው ነው።

3. ሕንፃው ምን ያህል እንደሚዘምና እንደሚናወጥ አስሉ

ሶፍትዌሩ ራሱ ስትራክቸሩን አይተነትንም። ከእናንተ የሚፈልገው በዋናነት ሁለት ቁጥር ነው፦ በየፎቁ ከፍተኛው መዝመም እና በየወለሉ ከፍተኛው አክስለሬሽን። ድሪፍት የሚባለው መዝመም በፎቁ አናትና እግር መካከል ያለው የጎን ልዩነት በፎቁ ቁመት ተካፍሎ ነው፤ 3.2 ሜትር ፎቅ 16 ሚሊ ሜትር ከሄደ 0.5 በመቶ ዘመመ እንላለን።

ደህናው መንገድ ኖንሊኒየር ታይም ሂስትሪ ነው፤ የሕንፃውን መሰነጣጠቅ እየቆጠረ በተመዘገበ መንቀጥቀጥ ቅጽበት በቅጽበት የሚያናውጥ ትንታኔ። የሚሠራውም ኦፕንሲስ በሚባለው የስትራክቸር መተንተኛ ፕሮግራም ወይም በሚያውቁት ሌላ ፕሮግራም፣ ቢያንስ በ11 ጥንድ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ። መዝገቦቹ ከታለመው ስፔክትረም ጋር በደንብ ከገጠሙ 7 ጥንድ ይበቃል። ጊዜ ከሌለ ዘዴው ቀለል ያለ፣ ሕንፃው እንዳልተጎዳ ቆጥሮ የሚያሰላ የሊኒየር መንገድም ፈቅዷል፤ መዝመሙንና አክስለሬሽኑን በማስተካከያ ቁጥሮች እያረማችሁ ትወስዳላችሁ። ለመደበኛና ዝቅ ላለ ሕንፃ ይሠራል። ምድሩ ባዶ ለሆነ ሕንፃ ግን አትመኑት።

ስለ ባዶ ምድር አንድ ነገር። ብዙ የዲዛይን ቢሮ ሞዴል የሚሠራው ኮለንና ቢም ብቻ አድርጎ ነው፤ ብሎኬቱ እንደ ጭነት ብቻ ይቆጠራል። እውነተኛው ሕንፃ ግን እንደዚያ አይንቀሳቀስም። ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ስለተሞሉ ግትር ናቸው፤ ምድሩ በመስታወትና በሮሊንግ ሻተር ስለተከፈተ ለስላሳ ነው። መዝመሙ ሁሉ ምድር ላይ ይከማቻል። ግድግዳ የሌለበት ሞዴል መዝመሙን ለአምስቱም ፎቅ ያከፋፍለውና ላይኛው ፎቅ ላይ የሌለ ጉዳት፣ ምድሩ ላይ ደግሞ ያነሰ ጉዳት ያሳያል። ስለዚህ ግድግዳውን በሰያፍ እንጨት ዓይነት ደጋፊ፣ ስትረት በምንለው፣ ወክሉት። ስትረቱ ሲሰበር የሚለቅ፣ ግፊት ብቻ የሚሸከም ይሁን።

ውጤቱን ከማስተላለፋችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። አምስት ፎቅ ያለው ሕንፃ አምስት የመዝመም ዓምድ፣ ግን ስድስት የአክስለሬሽን ዓምድ አለው፤ መሬቱም አንድ ወለል ነውና። መዝመሙ በመቶኛ ነው ወይስ በጥሬው? 0.5 በመቶ ፋይሉ ውስጥ 0.005 ሆኖ ካልገባ ሕንፃው መቶ እጥፍ ዘሞ ሶፍትዌሩ የሚያስኬደው የሙከራ ዙር ሁሉ በሙሉ ኪሳራ ይጠናቀቃል፤ ይህኛው ስህተት ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙም አያሰጋም። ሦስተኛው ግን ተደብቆ ያልፋል። ኦፕንሲስ ወለል ላይ የሚመዘግበው አክስለሬሽን በነባሪው ከመሬቱ አንጻር ያለውን ነው። ጠቅላላውን ለማግኘት ለመዝጋቢው የመሬቱን ታይም ሲሪስ አብሮ መስጠት ያስፈልጋል። ካልሰጣችሁት መሬቱ ላይ ያለው አክስለሬሽን ዜሮ ይወጣል፣ ታችኞቹ ወለሎችም ከእውነቱ ያነሰ ያሳያሉ፣ ኮርኒሱና ጄኔሬተሩ ሳይጎዱ ያልፋሉ። የመሬት ወለሉን ዓምድ ተመልከቱ፤ ከመዝገቡ ከፍተኛ አክስለሬሽን ጋር እኩል ካልሆነ ተሳስታችኋል።

በመጨረሻ የሞዴሉን አለመተማመን በቁጥር ጨምሩ። ዘዴው ቤታ የሚለውን የስርጭት ልክ በሁለት ይከፍለዋል፦ ሕንፃው በፕላኑ መሠረት ስለመሠራቱ ያለን እርግጠኝነት እና የሞዴሉ ጥራት። ለእያንዳንዳቸው 0.10፣ 0.25 ወይም 0.40 ይሰጣል። ሁለቱን በካሬ ደምራችሁ ስኩዌር ሩት ትወስዳላችሁ፤ ሁለቱም 0.25 ከሆኑ 0.35፣ ሁለቱም 0.40 ከሆኑ 0.57 ይወጣል። የፌሮውን ብዛት በስካነር ወይም ሽፋኑን ልጣችሁ ካላያችሁ፣ የአርማታውንም ጥንካሬ ካልለካችሁ 0.10 የመጻፍ መብት የላችሁም።

4. አካላቱን ቁጠሩ

ፌማ ፒ-58 ለቢሮ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለሆቴልና ለመሰሎቹ በካሬ ምን ያህል ግድግዳ፣ ኮርኒስና ቧንቧ እንደሚኖር የሚገምት የኤክሴል ፋይል አለው። ለእኛ ሕንፃ አትጠቀሙበት። በእሱ ግምት ቢሮ የጂፕሰም ግድግዳና የእሳት ማጥፊያ የውሃ መስመር ያለው ነው፤ የእኛ ቢሮ ብሎኬትና ልስን ነው። ቆጠራው ከቢኦኪው፣ ማለትም ከሥራ መጠን ዝርዝሩ፣ እና ከፕላኑ ይምጣ፤ ከዚያም ሕንፃው ውስጥ ዞራችሁ አረጋግጡ። ተከራይ ያፈረሰው ወይም የጨመረው ግድግዳ ፕላን ላይ የለም።

የምሳሌው ሕንፃ ወለል 20 በ15 ሜትር፣ 300 ካሬ ነው። ኮለኖቹ በየ5 ሜትሩ ቆመዋል፤ በአንድ ወለል 20። ውጩ ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት፣ ውስጡ ባለ 15። የአንድ ፎቅ ግድግዳ በኮለን መካከል ባለው ፓኔል ይቆጠራል፦ በረጅሙ አቅጣጫ ውጩ 8፣ ውስጡ 5፤ በአጭሩ አቅጣጫ ውጩ 6፣ ውስጡ 4። አንዱ ፓኔል 5 ሜትር በ2.7 ሜትር፣ 13.5 ካሬ ነው፤ የቢሙ ቁመት ተቀንሶ። አቅጣጫውን መለየት ግዴታ ነው፤ ግድግዳ የሚሰነጠቀው በራሱ ርዝመት አቅጣጫ በሚመጣ መዝመም ነውና። ምድሩ ላይ ፊት ለፊት ያሉት 4 ፓኔሎች ይውጡ፤ በምትካቸው የሱቁን መስታወት ጻፉ።

በአክስለሬሽን የሚጎዱት አቅጣጫ የላቸውም፦ ኮርኒስ፣ ጄኔሬተር፣ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር። በፔሊከን አቅጣጫቸው ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ታንከሩን አትርሱት። ባለ 5,000 ሊትር ሲሞላ 5 ቶን ነው፣ የቆመውም ብዙ ጊዜ ሳይታሰር በብረት ቋሚ ላይ ነው፣ ያለውም ሕንፃው በጣም በሚናወጥበት ቦታ። የሚያስወጣው ወጪ ከራሱ ይልቅ ከሥሩ ባለው ወለል ኮርኒስና ቀለም ላይ የሚፈሰው ውሃ ነው።

በፔሊከን የአካላት ፋይል ውስጥ ብሎክ የሚል ዓምድ አለ፤ ከአንድ ቡድን ውስጥ ስንቱ ለብቻው ሊጎዳ እንደሚችል ይናገራል። ባዶ ከተዋችሁት 8ቱም ፓኔል እንደ አንድ ይቆጠርና ወይ ሁሉም ይሰነጠቃል ወይ አንዱም አይሰነጠቅም። አማካዩ ብዙ አይለወጥም፤ የወጪው ስርጭት ግን ከመጠን በላይ ይሰፋል። 8 ፓኔል ካለ 8 ጻፉ።

ከአሜሪካው የመረጃ ቋት አካል ስትወስዱ አሃዱን እዩ። ግድግዳው በ100 ጫማ ርዝመት ይቆጠራል፤ 30.5 ሜትር ማለት ነው። 65 ሜትር ግድግዳ 65 ተብሎ ከገባ 30 እጥፍ ግድግዳ ገነባችሁ።

5. የጉዳት ኩርባ፦ ብሎኬቱ

የጉዳት ኩርባ መዝመሙ ወይም አክስለሬሽኑ ሲጨምር አካሉ የመጎዳቱ ዕድል እንዴት እንደሚያድግ ያሳያል። የመረጃ ቋቱ ከ700 በላይ የጉዳት ኩርባ አለው። ለአርማታ ኮለንና ቢም መገጣጠሚያ፣ ለሊፍት፣ ለተንጠልጣይ ኮርኒስ የሚሆን ታገኛላችሁ፤ የፌሮው አያያዝ ከእናንተ ሕንፃ ጋር የሚቀራረበውን ምረጡ። የቆየ ሕንፃ ከሆነ የቀለበቱ ፌሮ ሰፊ ነውና ለመሬት መንቀጥቀጥ በደንብ የታሰረውን ኩርባ ማስገባት ሕንፃውን ከሚገባው በላይ ማሞገስ ነው። በአርማታ ፍሬም ውስጥ ለተሞላ የእኛ ባዶ ብሎኬት ግን የሚስማማ አታገኙም፤ ከታተሙ የቤተ ሙከራ ውጤቶች ራሳችሁ ትሠራላችሁ።

ኩርባው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፦ ግማሹ የሚጎዳበት መዝመም፣ ሜዲያን የምንለው፣ እና ስርጭቱ፣ ቤታ። ለብሎኬት ሦስት ደረጃ ይበቃል። አንደኛው በግድግዳውና በኮለኑ መገናኛ የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ፤ ልስን መሙላትና መቀባት። ሁለተኛው ሰያፍ ስንጥቅና አንዳንድ የተሰባበረ ብሎኬት፤ ከፊሉን አፍርሶ መሥራት። ሦስተኛው ማዕዘኑ የተጨፈለቀ ወይም ግድግዳው የተንገዳገደ፤ ሙሉ በሙሉ አፍርሶ መገንባት።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት ለማስተማሪያ የያዝናቸውን ቁጥሮች እንውሰድ፦ ሜዲያኑ 0.15፣ 0.40 እና 1.0 በመቶ፣ ቤታው ለሁሉም 0.5። ፎቁ 0.5 በመቶ ቢዘምስ? መዝመሙ ለሜዲያኑ ይካፈላል፣ ሎጋሪዝሙ ይወሰዳል፣ ለቤታ ይካፈላል፣ ከኖርማል ሠንጠረዥ ዕድሉ ይነበባል። ለሁለተኛው ደረጃ፦ 0.5 ሲካፈል ለ0.40 1.25፤ ሎጋሪዝሙ 0.223፤ ለ0.5 ሲካፈል 0.446፤ ዕድሉ 67 በመቶ። በዚሁ መንገድ አንደኛው 99፣ ሦስተኛው 8 በመቶ ይሆናል። እነዚህ «ቢያንስ እዚህ ደረጃ የመድረስ» ዕድሎች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ስትቀንሱ አንደኛው ላይ የሚቆመው 32፣ ሁለተኛው ላይ 59፣ ሦስተኛው ላይ 8 በመቶ ነው። አዲስ ግድግዳን 1 ብለን ጥገናውን 0.2፣ 0.6 እና 1.3 ብንተምን የሚጠበቀው ወጪ 0.53 አካባቢ ይመጣል። በረጅሙ አቅጣጫ ያሉት 13 ፓኔሎች የ7 አዲስ ፓኔል ያህል ወጪ አስወጡ ማለት ነው፤ ኮለኑ ደግሞ በዚህ መዝመም የፀጉር ስንጥቅ ብቻ ቢያሳይ ነው። ወጪው በአብዛኛው ከግድግዳና ከማጠናቀቂያ ሥራ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ከ1 በላይ መሆኑ አያስገርም፤ ማፍረስና ፍርስራሽ ማውጣት አዲስ ከመገንባት ላይ የሚጨመር ነው።

ቤታን በተመለከተ ሁለት ማስጠንቀቂያ። የራሳችሁ ግምት ያለበት ኩርባ ከ0.4 በታች ቤታ አይያዝለት። ደግሞም ለላይኛው ደረጃ ከታችኛው የሰፋ ቤታ ከሰጣችሁ ኩርባዎቹ ይቆራረጣሉ፤ በትንሽ መዝመም ግድግዳው ከመሰንጠቁ በፊት ይፈርሳል የሚል ከንቱ ውጤት ይወጣል። መፍትሔው ቤታዎቹን እኩል ማድረግ ነው።

ግድግዳ በራሱ አቅጣጫ ብቻ አይጎዳም፤ በአክስለሬሽን ወደ ውጭ ሊገለበጥም ይችላል። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለና ከቢሙ ጋር በደንብ ያልተጣበቀ ግድግዳ፣ እንዲሁም የጣሪያ ፓራፔት፣ ለብቻቸው በአክስለሬሽን የሚመራ ሌላ ኩርባ ይያዝላቸው። ለወጪ ብዙ ላይጨምር ይችላል። ለሰው ሕይወት ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው፤ የሚወድቀው መንገደኛ ላይ ነውና።

6. ዋጋው በብር

በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያለው የጥገና ዋጋ በ2011 የሰሜን ካሊፎርኒያ ዶላር ነው። በምንዛሪ አባዝቶ ወደ ብር መቀየር በቀላሉ የሚሠራ ስህተት ነው። እዚያ ወጪውን የሚከምረው የሰው ጉልበት ነው፤ እዚህ ዕቃው፣ በተለይ ከውጭ የሚመጣው። በምንዛሪ የተቀየረ የብሎኬት ግድግዳ ከልክ በላይ ይወደዳል፤ የሊፍት ዕቃና የአልሙኒየም መስታወት ደግሞ ሊረክስ ይችላል።

እያንዳንዱን ጥገና እንደ ነጠላ ዋጋ ከታች ገንቡት። ለሁለተኛው ደረጃ ግድግዳ የሚገባው ይህ ነው፦ ዕቃ ማውጣትና መሸፈን፣ የተሰነጠቀውን ማፍረስ፣ ፍርስራሽ ከፎቅ ማውረድና መጫን፣ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና አሸዋ፣ ሁለቱም ገጽ ልስን፣ ግድግዳ ውስጥ ያለ የመብራት መስመር፣ ቀለም፣ ለውጩ መሰላልና እርከን፣ የተቋራጩ ወጪና ትርፍ፣ በመጨረሻ 15 በመቶ ቫት። ቀለም ላይ አትሳሳቱ፤ የሁለት ሜትር ስንጥቅ ተጠግኖ ሁለት ሜትር ብቻ የሚቀባ ባለቤት የለም፣ ክፍሉ በሙሉ ይቀባል። ሽንት ቤት ከሆነ ደግሞ ያው ሴራሚክ ስለማይገኝ አራቱም ግድግዳ ይቀየራል።

በሌላ በኩል ሁለት ጊዜ አትቁጠሩ። ልስንና ቀለም ግድግዳው ዋጋ ውስጥ ከገባ ለብቻው አካል ሆኖ አይመዝገብ።

ዘዴው ለትንሽ መጠን ከፍ ያለ፣ ለብዙ መጠን ዝቅ ያለ ነጠላ ዋጋ እንድትሰጡ ይጠይቃል። ለእኛ ሁኔታ ይህንን ተጠንቅቃችሁ ተጠቀሙ፤ ከተማው ሁሉ በአንድ ሌሊት ቢጎዳ በብዛት መግዛት ዋጋ ላይቀንስ ይችላል። ዋጋ የሰበሰባችሁበትን ቀን ጻፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የተሰበሰበ ዋጋን ቀላቅሎ መጠቀም ውጤቱን ያበላሻል።

7. መጠገን ወይስ ማፍረስ

ሦስት መስመሮች ሕንፃው ወደ ሙሉ ኪሳራ የሚሄድበትን ይወስናሉ፦ መደርመስ፣ ቀሪ መዝመም፣ የወጪ ጣሪያ።

ለመደርመስ ዕድል ጠንካራው መንገድ መዝገቦቹን እያሳደጉ ሕንፃው እስኪወድቅ መተንተን ነው። ለዝቅተኛ ሕንፃ ከፑሽኦቨር ኩርባ፣ ማለትም ሞዴሉን ወደ ጎን እየገፉ ከሚገኘው የኃይልና የመዝመም ኩርባ፣ ተነስቶ የሚገምት ኤስፒኦ2አይዲኤ የሚባል መሣሪያ ከፌማ ፒ-58 ጋር አለ።

ቀሪ መዝመም ማለት ንውጥውጥታው ከቆመ በኋላ ሕንፃው ዘሞ የሚቀርበት ነው። ትንታኔ ብቻውን በደንብ ስለማይሰጠው ዘዴው ቀመር አለው። ይልድ የሚባለው ሕንፃው ወደ ነበረበት መመለስ የማይችልበት መዝመም የሚጀምርበት ነው፤ ሕንፃው ከይልድ መዝመሙ ካላለፈ ቀሪው ዜሮ ነው። ካለፈና ከአራት እጥፉ በታች ከሆነ ትርፉ በ0.3 ይባዛል። ከአራት እጥፍ በላይ ከሆነ ከጠቅላላው መዝመም ሦስት እጥፍ ይልድ ይቀነሳል። ይልዱ 0.6 በመቶ ለሆነ ሕንፃ 2 በመቶ መዝመም 0.42 በመቶ ቀሪ ይተዋል፤ 3 በመቶ መዝመም ግን 1.2 በመቶ። ነባሪው የማይጠገንበት ኩርባ ሜዲያኑ 1 በመቶ፣ ቤታው 0.3 ነው። ስለዚህ የመፍረስ ዕድሉ በመጀመሪያው 0.2 በመቶ ገደማ ሲሆን በሁለተኛው 73 በመቶ ይሆናል። መዝመሙ በአንድ ግማሽ ጨመረ፤ ውሳኔው ግን ተገለበጠ። የይልድ መዝመሙን በግምት የሚሞላ ሰው ውጤቱን በሙሉ በግምት ሞላ ማለት ነው።

በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በደረሰው መንቀጥቀጥ ከተማው መሀል ያሉ ብዙ የአርማታ ፎቆች ሳይደረመሱ ቆመው ኋላ ግን ፈርሰዋል።

የመተኪያ ዋጋ ሲሞላ ማፍረስና ቦታ ማጽዳት መጨመር አለበት፤ ከግንባታው ዋጋ 20 እስከ 30 በመቶ ያህል። የወጪ ጣሪያው ነባሪ 1.0 ነው፤ ማለትም ጥገናው ከመተኪያው ካልበለጠ ይጠገናል። ብዙ ባለንብረት ግን ግማሽ ከደረሰ አፍርሶ መሥራትን ይመርጣል። በ1.0ም በ0.5ም አስኪዱና ሁለቱንም አሳዩ።

8. አስኪዱና ፈትሹ

ሶፍትዌሩ ሕንፃውን በሺህ ጊዜ ያናውጠዋል፤ በእያንዳንዱ ዙር መዝመም ይመርጣል፣ ጉዳት ይመርጣል፣ ዋጋ ይመርጣል። በፓክት 1,000 ዙር፣ በፔሊከን 10,000 ዙር በቂ ነው፤ ፔሊከን በዚህ ብዛት ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው። የዘፈቀደ መነሻ ቁጥሩን አስሩት፤ ካልታሰረ አንድ ግድግዳ ቀይራችሁ ስታስኪዱ ልዩነቱ ከግድግዳው ይሁን ከዕጣው አይታወቅም።

ከማመናችሁ በፊት መዝመሙንና አክስለሬሽኑን ወደ ዜሮ አውርዳችሁ አስኪዱ፤ ወጪው ዜሮ ካልሆነ የሆነ ነገር ተሳስቷል። ቀጥሎ አንድ ፓኔል ብቻ ትታችሁ ከላይ በእጅ የሠራነውን ቁጥር አወዳድሩ። በመጨረሻም ሁሉም አካል የመጨረሻው የጉዳት ደረጃ ላይ ቢሆን ጠቅላላ ወጪው ስንት እንደሆነ ደምሩ። ከመተኪያ ዋጋው እጅግ ከበለጠ ሁለት ጊዜ ቆጥራችኋል፤ ከግማሹ በታች ከሆነ ደግሞ የረሳችሁት አካል አለ፣ ብዙ ጊዜ ሳኒተሪና ኤሌክትሪክ ነው።

9. ውጤቱን ማንበብ

አማካይ ቁጥር ብቻውን አያቅርቡ የምንለው በምክንያት ነው። 70 በመቶው ዙር 12 በመቶ ወጪ ቢያሳይ፣ 30 በመቶው ደግሞ ሕንፃው ፈርሶ 100 በመቶ ቢሆን፣ አማካዩ 38 በመቶ ይሆናል፤ በአንድም ዙር ያልታየ ቁጥር። ባለንብረቱ 38 በመቶ ቢያስቀምጥ በአብዛኛው ዙር ብዙ ትርፍ አለው፣ በቀሪው ግን ከግማሽ በላይ ይጎድለዋል። ሜዲያኑን፣ 90ኛውን ፐርሰንታይል፣ ማለትም ከመቶው ዙር ዘጠናው የማያልፈውን ወጪ፣ እና የመፍረስ ዕድሉን ለየብቻ ጻፉ። ከዚያ ወጪውን በአካልና በፎቅ በትኑት። በምሳሌው ሕንፃ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ ግድግዳ ወጪውን ከተቆጣጠረ አንድ ውይይት ነው፤ የምድሩ ኮለን የመፍረሱን ዕድል ከተቆጣጠረ ግን ስለ ቀለምና ልስን የምታወሩበት ጊዜ አይደለም፣ ምድሩን ማጠንከር ይቀድማል። የማጠንከሪያውን ሐሳብ ሞዴል ውስጥ አስገብታችሁ በዚያው የዕጣ መነሻ እንደገና አስኪዱ፤ ባለንብረቱ የሚፈልገው የሁለቱን ሩጫ ልዩነት ነው።

የጥገና ጊዜው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነባሪው በ1,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም በ93 ካሬ ሜትር፣ አንድ ሠራተኛ ነው፤ ለ300 ካሬ ወለላችን 3 ሰው። እዚህ ሥራ ላይ ከዚያ የበለጠ ሰው ስለሚሰማራ ቁጥሩን አሻሽሉ። ግን ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ሠራተኛው መዶሻ ካነሳበት ቀን ጀምሮ ነው። የመሐንዲስ ፍተሻ፣ የክፍለ ከተማ ፈቃድ፣ የባንክ ብድር፣ ተቋራጭ መምረጥ፣ ከውጭ የሚመጣ የሊፍት ዕቃ ውስጡ የሉም። እነዚህን ለብቻ በመስመር ጨምራችሁ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ለይታችሁ አቅርቡ፤ አለዚያ «ጥገናው 60 ቀን» የሚለው ቁጥር ከሪፖርቱ ወጥቶ የኪራይ ውል ውስጥ ይገባል።